ስለ ጦር መሣሪያ ማስመዝገብና ማስታወቅ

የሕዝብ ጸጥታ የሚጠበቅባቸው ሕጎች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በግል ሰው እጅ ያለውን የጦር መሣሪያ የሚመለከተውን ሕግ ያህል፥ በቃል ሲነገር ቀላል፥ በሥራ ሲፈጸም ግን ከባድ የሆነ ሕግ ጥቂት ነው። ርስት ከስፍራው አይሸሽም፤ ከብትም በማን በረት እንደሚያድር ጎረቤት ያየዋል፤ ጠመንጃ ግን በአንድ ሌሊት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አልፎ፥ ወንዝ ተሻግሮና ጠረፍ አቋርጦ ሲሄድ፥ ባለቤቱ ካልተናገረ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ይህ ሕግ በማናቸውም አገር ቢሆን በሁለት እግር ይቆማል፤ አንደኛው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ማስታወቅ ነው።

ፈቃድ ማለት፥ አንድ ሰው መሣሪያ ለመያዝ የሚገባው መሆኑ፥ ዕድሜውና ጠባዩ፥ አእምሮውና ሥራው ተመርምሮ ሲታወቅ፥ ከመንግሥት የሚሰጠው ማስረጃ ነው። ማስታወቅ ማለት ግን፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሣሪያው ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ሁሉ፥ ይኸውም መሸጡን ወይም መሰጠቱን፥ መጥፋቱን ወይም መሰረቁን፥ ባለቤቱም ሲሞት ለማን እንደ ተላለፈ፥ መዝገቡን ለያዘው መሥሪያ ቤት ሳይዘገዩ መናገር ነው። የመጀመሪያውን ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የተረሳ ነው። ሹማምንትም የሚደክሙት ፈቃዱን ለመስጠትና ለመከልከል ነው እንጂ፥ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ መሣሪያው የት እንደ ደረሰ ለመከታተል አይደለም። አንድ ጊዜ ተጽፎ ከዚያ በኋላ ያልታረመ መዝገብ ግን፥ ያለፈውን ዘመን ይነግራል እንጂ የዛሬውን አይነግርም፤ እንዲያውም የሚያውቅ እየመሰለ የማያውቅ ስለሆነ፥ መዝገብ ከሌለው ይልቅ ያሳስታል።

የነገሩ ስፋት ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገንዘብ፥ ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው መቀመጫው በጄኔቭ የሆነው የጥናት ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓመት የሰጠውን ግምት መመልከት ይበቃል። በዚያ ግምት መሠረት በዓለም ላይ ካሉት ከ1 ቢሊዮን የሚበልጡ ጠመንጃዎችና ሽጉጦች ውስጥ፥ 857 ሚሊዮን የሚሆኑት በመንግሥታት ጦርና ፖሊስ እጅ ያሉ ሳይሆኑ በግል ሰዎች እጅ ያሉ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ በመዝገብ የተጻፉት 100 ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። እንግዲህ በግል ሰዎች እጅ ካሉት ከ8 መሣሪያዎች አንዱ እንኳ ጌታው በውል የታወቀ አይደለም ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ላይ ሕግ አላጣችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1177 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ፥ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሎ፥ ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ዕድሜና ጠባይ፥ አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለውን የመሣሪያ ቍጥር፥ መሣሪያ ይዞ መግባት የማይፈቀድባቸውን ስፍራዎች፥ ሕጉንም ለተላለፈ ሰው የሚገባውን ቅጣት ወስኗል። ከዚህም በፊት፥ ሚያዝያ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. በናይሮቢ በተደረገው የታላላቅ ሐይቆችና የአፍሪቃ ቀንድ መንግሥታት ስምምነት ላይ ከፈረሙት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህ የናይሮቢ ስምምነት፥ ፈራሚዎቹ መንግሥታት በግል ሰዎች እጅ ያለውን ቀላል መሣሪያ ሁሉ በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ እንዲጽፉ፥ መሣሪያ የሚይዘው ሰው አያያዙን የሚያውቅ መሆኑ እንዲፈተን፥ መሣሪያው በጥንቃቄ የሚቀመጥበት ሥርዓት እንዲኖር፥ የተሰጡትም ፈቃዶች በየጊዜው እንዲመረመሩ ያዝዛል። መሣሪያን ለብድር መያዣ አድርጎ መስጠትን እንኳ ሳይቀር እንዲከለከል ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በመያዣ ስም የሄደ ጠመንጃ፥ ከመዝገቡ ስም ውጭ በሌላ ሰው እጅ ስለሚያድር ነው።

ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ ዘመኑ ግን አልተመቸውም። ዐዋጁ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው፥ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን በኩል ጦርነት ተነሣ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስም ሁለት ዓመት ቈየ። ጦርነት በነበረበት አገር ሁሉ እንደሚታየው፥ ውጊያው ሲቆም መሣሪያው ሁሉ ከውጊያው ስፍራ ወደ ግምጃ ቤት አይመለስም፤ በመንገድ የወደቀውን ያነሣው፥ የሸሸው ወታደር በእህል የለወጠው፥ ለመጠባበቂያ ተብሎ የተቀበረው ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ የመዝገቡ ሥራ፥ ሕጉ ሲታሰብ ከነበረው ይልቅ የከበደም ያስቸኰለም ሆኗል።

ሰው መሣሪያውን የማያስመዘግብበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሳይመረመር ግን፥ ቅጣቱን ብቻ ማክበድ ፍሬ አይሰጥም። የኢትዮጵያ ገበሬ ጠመንጃውን የሚያየው እንደ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሰናድርና ውጅግራ፥ አልቢንና ምንሽር የሚባሉት ስሞች ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፉት፥ አገር ከተጠበቀበት ታሪክ ጋር ተያይዘው ነው። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓመት በሎንዶን ተሰብስበው ወደ ኢትዮጵያ ስለሚገባው መሣሪያ ሲዋዋሉ፥ ኢትዮጵያ በውሉ አልነበረችበትም። በኋላ ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው ውል ኢትዮጵያ ራሷ ተዋዋይ ሆና ገባች፤ ነገር ግን አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ የኢጣልያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ፥ መሣሪያ ለመግዛት መንገዱ ተዘጋባት። ጠላትም አገሩን ከያዘ በኋላ ያወጣው ትእዛዝ መሣሪያህን አምጣ የሚል ነበር፤ ደብቆ የተገኘውም ሰው ተገደለ። አርበኞች አምስቱን ዓመት የተዋጉት አስረክቡ ሲባሉ ባላስረከቡት መሣሪያና ከጠላት በማረኩት ነው።

እንግዲህ ይህን ከአባቱ የሰማ ሰው፥ «መሣሪያህን አስመዝግብ» ሲባል፥ «መሣሪያህን ለመውሰድ ስምህን አምጣ» የተባለ ቢመስለው የሚያስደንቅ አይደለም። ፍርሃቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ የራስ መንግሥት ሕግና የወራሪ ትእዛዝ አንድ አይደሉምና። ነገር ግን ፍርሃቱ መኖሩን ያላወቀ ሹም፥ ወረቀት ሲያበዛ እንጂ መሣሪያ ሲያስመዘግብ አይታይም። የመዝገብ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የመታመን ሥራ ነው፤ የሌሎች አገሮች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

በመጀመሪያ ማስታወቅ በሥርዓት ሲፈጸም ምን እንደሚመስል ለማየት የታላቋ ብሪታንያን ሕግ መመልከት ይጠቅማል። በዚህና ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1968 የወጣው የመሣሪያ ሕግ፥ በ1997 ከተጨመረበት ጋር፥ በባለፈቃዱ የምስክር ወረቀት ላይ መሣሪያው ከነቍጥሩ እንዲጻፍ ያዝዛል። የምስክር ወረቀቱ ለዘለዓለም የሚሰጥ አይደለም፤ በ5 ዓመት ይታደሳል። መሣሪያው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፥ ሰጪውም ተቀባዩም እያንዳንዳቸው በ7 ቀን ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ ግዴታቸው ነው። ቢጠፋም፥ ቢሰረቅም፥ ቢሰባበርም እንዲሁ በ7 ቀን ውስጥ ይነገራል። ሁለቱም ወገን እንዲናገሩ የታዘዘበት ምክንያት ግልጥ ነው። አንዱ ቢረሳ ወይም ቢዋሽ፥ የሌላው ቃል ያጋልጠዋል፤ ሁለቱም ከተናገሩ ደግሞ መሣሪያው አንድ ቀን እንኳ ያለ ጌታ አይውልም።

የጠፋ መሣሪያን ማስታወቅ ስለ ምን እንደሚያስፈልግ የማይገባቸው ሰዎች አሉ። «ጠመንጃዬን ሌባ ወሰደብኝ፤ ተበዳዩ እኔ ነኝ፤ ታዲያ ስለ ምን እጠየቃለሁ?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው። የተሰረቀው ጠመንጃ በሌላ አውራጃ መንገደኛ ቢገደልበት፥ በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥር የሚያመለክተው የመዝገቡን ባለቤት ነው። በጊዜው ያስታወቀ ሰው በዚያ ቀን ቃሉ ይመሰክርለታል፤ ዝም ያለ ሰው ግን ሌባውን ከፍርድ አድኖ ራሱን በጥርጣሬ ውስጥ ያስገባል። በኦሪት ስለ ወጊ በሬ የተደነገገውን ሊቃውንት ያውቁታል፤ በሬው ወጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ያልጠበቀ ባለቤት፥ በሬው ለገደለው ሰው እርሱም ዕዳ አለበት። የጦር መሣሪያ ሕግም የሚከተለው ይህንኑ ጥንታዊ ፍርድ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር በቤቱ ያኖረ ሰው፥ ለጎረቤቱ ደኅንነት መልስ ሰጪ ነው።

መዝገብ ባይኖር የሚመጣውን ጕዳት ደግሞ የኒውዚላንድ ነገር ያስረዳል። ይህች አገር በ1983 ባወጣችው የመሣሪያ ሕግ፥ ሰውየውን መርምሮ ፈቃድ መስጠት ይበቃል ብላ፥ ተራ ጠመንጃዎችን አንድ በአንድ መመዝገቡን ተወችው። ከዚያ በኋላ ባለፈቃድ መሆኑ የታወቀ ሰው፥ በቤቱ አንድ ጠመንጃ ይኑረው ወይም ሃያ፥ ፖሊስ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። በ1997 ነገሩን እንዲመረምር የተሾመ ዳኛ መዝገቡ እንዲመለስ ቢመክርም ምክሩ አልተፈጸመም። በመጋቢት 2019 አንድ ባለፈቃድ ሰው በክራይስትቸርች ከተማ ሁለት መስጊዶች ውስጥ ለጸሎት የተሰበሰቡትን 51 ሰዎች ገደለ።

ከዚህ መከራ በኋላ መንግሥቱ በአንድ ወር ውስጥ ሕግ አውጥቶ፥ የተከለከሉትን የመሣሪያ ዓይነቶች ዋጋ እየከፈለ ሰበሰበ፤ በዓመቱ መጨረሻም ከ56 ሺህ የማያንሱ መሣሪያዎች ገቡ። ነገር ግን፥ የገባው ከነበረው ውስጥ ስንት እጅ ነው? ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም፤ ከመጀመሪያው ስንት እንደ ነበረ የተጻፈበት መዝገብ አልነበረምና። ኒውዚላንድ በ2020 አዲስ ሕግ አውጥታ፥ በሰኔ 2023 መዝገቡን እንደ ገና ከፈተች፤ ባለፈቃዶችም እስከ ነሐሴ 2028 ድረስ ያላቸውን ሁሉ እንዲያስመዘግቡ ጊዜ ሰጠቻቸው። ለ40 ዓመት የተተወውን ሥራ ለመመለስ አምስት ዓመት አስፈለገ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ስለዚህ ነው።

በሌላ በኩል፥ መዝገብ መክፈት ብቻውን እንደማይበቃ ካናዳ ምስክር ናት። በ1995 በወጣው ሕግ ጠመንጃ ሁሉ እንዲመዘገብ ሲታዘዝ፥ ከሚሰበሰበው ክፍያ በላይ ለመንግሥት የሚተርፈው ወጪ ከ2 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር እንደማይበልጥ ለምክር ቤቱ ተነግሮ ነበር። በ2002 ግን የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ወጪው ከ1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያልፍ አስታወቁ። ገበሬውና አዳኙ፥ ወረቀቱ እጅግ አስቸጋሪ፥ ወጪውም ከልክ ያለፈ መሆኑን ባየ ጊዜ፥ ሕጉ ለጸጥታ ሳይሆን ለእርሱ መቀጫ የወጣ መሰለው። በመጨረሻም በ2012 የጠመንጃው መዝገብ በሕግ ቀረ፤ የተሰበሰበውም ጽሑፍ እንዲጠፋ ተደረገ። ከ1934 ጀምሮ የነበረው የሽጉጥ መዝገብ ግን ሳይፈርስ ቀረ። መዝገብን የሚያፈርሰው እንግዲህ የወንበዴ ጥላቻ ብቻ አይደለም፤ የደጉ ሰው መሰልቸት ከዚያ ይልቅ ያፈርሰዋል።

ለኢትዮጵያ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳ ትምህርት ነው። የካራሞጃ አርብቶ አደሮች፥ በኬንያ፥ በደቡብ ሱዳንና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ ካሉት ጎረቤቶቻቸው ጋር፥ ስለ ከብትና ስለ ግጦሽ ሲዋጉ የኖሩ ናቸው። የኡጋንዳ መንግሥት በ2001 መጨረሻ መሣሪያቸውን በፈቃዳቸው እንዲያስረክቡ በጠየቀ ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ 10 ሺህ ያህል ጠመንጃ ገባ፤ ሕዝቡ እንጠብቃችኋለን የሚለውን የመንግሥት ቃል አምኖ ነበርና። በ2002 ግን ይጠብቃቸው የነበረው ጦር ወደ ሌላ ግዳጅ ወደ ሰሜን ሄደ፤ መሣሪያቸውን ያስረከቡትም ሰዎች ባላስረከቡት ጎረቤቶቻቸው ተዘረፉ። ከዚህ በኋላ እንደ ገና አስረክቡ ቢባሉ፥ እሺ ማለቱ ቀርቶ አዲስ መሣሪያ መግዛት ያዙ። አንድ ጊዜ የተሰበረ ቃል፥ ብዙ ሺህ ጠመንጃ ወደ ሕዝቡ መለሰ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የአውስትራልያ ነገር ነው። በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፥ የፌዴራሉና የየክፍለ ግዛቱ መንግሥታት በ12 ቀን ውስጥ ተስማምተው፥ ሕጉ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን፥ መሣሪያ ሁሉ እንዲመዘገብ፥ መሣሪያ የሚፈልግም ሰው እውነተኛ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ወሰኑ። የተከለከለውን ዓይነት የያዘው ሰው ግን እንደ ወንጀለኛ አልተቈጠረም፤ ከሕዝብ ግብር ላይ ለአንድ ጊዜ ጥቂት ተጨምሮ፥ ለመሣሪያው ዋጋ ተከፈለው። በዚህም 650 ሺህ ያህል መሣሪያ ገባ። በኡጋንዳ ያልሠራው በአውስትራልያ የሠራበት ምክንያት የሕዝቡ ጠባይ አይደለም። በአንደኛው ስፍራ ሕጉ በሁሉ ላይ እኩል ሆነ፤ ቃሉም ተጠበቀ፤ በሁለተኛው ስፍራ ግን አንዱ ባዶ እጁን ቀርቶ ሌላው እንደ ታጠቀ ኖረ።

መዝገብ ያለው መንግሥት ሁሉ ደግሞ እፎይ ብሎ መተኛት እንደማይገባው የሚያስታውስ አንድ ነገር አለ። በመጋቢት 1996 በስኮትላንድ በደንብሌን ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት 16 ሕፃናትንና መምህራቸውን የገደለው ሰው፥ መሣሪያዎቹ ሁሉ የተመዘገቡለት ባለፈቃድ ነበር። ከአራት ዓመት በሚበልጥ ጊዜ አስቀድሞ አንድ የፖሊስ ባልደረባ፥ ይህ ሰው መሣሪያ እንዲይዝ የሚታመን አይደለም ብሎ ለአለቆቹ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ ግን ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ። ስለዚህ የሚታወቀው የመሣሪያው መንገድ ብቻ መሆን የለበትም፤ የሰውየው ጠባይ ሲለወጥም ሊታወቅ ይገባል። ዘመድና ጎረቤት፥ ሐኪምና የአጥቢያው ሹም የሚያዩትን የሚናገሩበት፥ የተናገሩትም ነገር የሚመረመርበት ሥርዓት ከሌለ፥ መዝገቡ የመሣሪያውን ቍጥር እንጂ የሕዝቡን ነፍስ አይጠብቅም።

አሁን የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። «ወንበዴ መሣሪያውን አያስመዘግብም፤ የሚያስመዘግበው ሰላማዊው ሰው ነው፤ ታዲያ ሕጉ የማይጎዳውን ሰው አስጨንቆ የሚጎዳውን ይተዋል» የሚል ነው። ክርክሩ በከፊል እውነትነት አለው፤ ወንበዴ በራሱ እግር ወደ መዝገብ ቤት አይሄድም። ነገር ግን በወንበዴ እጅ ከሚገኘው መሣሪያ ብዙው፥ አስቀድሞ በሕግ ከተያዘበት እጅ፥ ከግል ቤት ወይም ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ ነው። መዝገብ ሲኖር፥ የተያዘው መሣሪያ ከየት ቤት፥ በምን ጊዜ፥ በማን በኩል እንደ ወጣ ይታወቃል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል። ደግሞም ሰላማዊው ሰው ምስክር ወረቀቱን ሲያሳይ፥ ምስክር ወረቀት የሌለው በዚያው ተለይቶ ይታወቃል። መዝገብ በሌለበት ግን ዳኛው ሁለቱን የሚለይበት ምልክት ስለሌለው፥ ጻድቁም ኃጥኡም በአንድ ዓይን ይታያሉ።

እንግዲህ ከሹማምንት የሚፈለገው ምንድር ነው? አስቀድሞ፥ ለማስታወቅ የሚመጣ ሰው ሩቅ መንገድ እንዳይሄድ፥ ቀኑንም ሙሉ በደጅ ጥናት እንዳይውል ማድረግ ነው። ሁለተኛው፥ ለሚያስታውቅ ሁሉ ቀኑና የመሣሪያው ቍጥር የተጻፈበት ደረሰኝ በዚያው ሰዓት መስጠት ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ማስታወቅ እንዳልተነገረ ይቈጠራልና። ሦስተኛው፥ ከተወሰነው ክፍያ በላይ አንዳች አለመቀበል ነው፤ ለማስመዝገብ ጉቦ የተጠየቀ ሰው፥ በሚመጣው ጊዜ ጠመንጃውን ከመዝገብ ቤት ይልቅ በጎተራ ሥር ቢያኖር ይመርጣልና። አራተኛው፥ መዝገቡን በምሥጢር መጠበቅ ነው፤ ጠመንጃ በማን ቤት እንዳለ የተጻፈበት ዝርዝር በሌባ ወይም በደመኛ እጅ ቢገባ፥ ለጸጥታ የተጻፈው ለጥፋት ይሆናል። አምስተኛው፥ አጎራባች ወረዳዎችና ክልሎች ሕጉን በአንድ ጊዜና በአንድ ልክ እንዲፈጽሙ መመካከር ነው፤ የካራሞጃ ነገር ያስተማረው ይህንኑ ነው። ስድስተኛው፥ በራሱ ፈቃድ የመጣውንና ተፈልጎ የተያዘውን መለየት ነው፤ የናይሮቢ ስምምነትም መሣሪያን በፈቃድ ማስረከብ እንዲበረታታ ይመክራል።

ሰባተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን፥ መንግሥት ራሱ በእጁ ያለውን መሣሪያ እንደ ግል ሰው አድርጎ መቍጠሩ ነው። የናይሮቢ ስምምነት ለመንግሥታት መሣሪያም መዝገብና ምልክት እንዲኖረው ያዝዛል። በአንድ ጣቢያ ለዘበኛ የተሰጠው ጠመንጃ ጠፍቶ ሳይነገር ቢቀር፥ ገበሬው የጠፋበትን ጠመንጃ እንዲያስታውቅ የሚያዝዘው ሹም በምን አፉ ይናገራል? ሕዝብ የሹሙን ቃል ከመስማቱ በፊት የሹሙን ሥራ ያያል።

ካህናትም በዚህ ሥራ ውስጥ የሚገባቸው ስፍራ ትንሽ አይደለም። ጠመንጃ ከመዝገብ የሚጠፋበት አንዱ ትልቅ በር የባለቤቱ ሞት ነው። አባት ሲሞት መሬቱና ከብቱ በሽማግሌ ፊት ይከፈላል፤ ጠመንጃው ግን ብዙ ጊዜ ያለ ነገር ወደ በኵሩ እጅ ይገባል፤ መዝገቡ የሟቹን ስም እንደ ያዘ ይቀራል። ከጥቂት ዓመት በኋላም ያ ጠመንጃ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ሙታንን መጠየቅ ያስፈልጋል። የነፍስ አባት ኑዛዜ ሲቀበል፥ ስለ መሬትና ስለ ዕዳ እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ ስለ መሣሪያውም ጠይቆ፥ ቍጥሩ በኑዛዜው እንዲጻፍ፥ ወራሹም ሄዶ እንዲያስታውቅ፥ ፈቃድ የማይገባው ከሆነም እንዲያስረክብ ቢመክር፥ ለሟቹ ቤት ሰላምን ያወርሳል።

ሌላው በር ደም ነው። በሁለት ቤተ ዘመድ መካከል ያልታረቀ ደም ካለ፥ ሁለቱም ወገኖች መሣሪያቸውን ይሸሽጋሉ፤ ያስመዘገበ ሰው ኃይሉን ለደመኛው የገለጠ ይመስለዋልና። እንዲህ ባለ ስፍራ ዐዋጅ ቢነበብ፥ ቅጣት ቢታወጅ፥ ዕርቅ ካልቀደመ ፍሬ የለውም። ስለዚህ በአጥቢያው ያለው ቄስና ሽማግሌ ደሙን ሲያደርቁ፥ ከካሣውና ከመሐላው ጋር፥ የሁለቱም ወገን መሣሪያ በአንድ ቀን እንዲመዘገብ ቢያደርጉ፥ ዕርቁም ጽኑ፥ መዝገቡም እውነተኛ ይሆናል። በሠርግና በለቅሶ ጥይት የመተኰስ ልማድም ስንት ጊዜ ደስታን ወደ ኀዘን እንደ ለወጠ የሚያውቁት፥ ሟቹን የቀበሩት ካህናት ናቸው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ የሚናገሩት ቃል ከማንም ይልቅ ይሰማል።

ለባለ መሣሪያውም የሚነገረው ቃል አጭር ነው። አባቶች በጠመንጃቸው የተመኩት አገርን ስለ ጠበቁበት ነው እንጂ ስለ ሸሸጉት አይደለም። አገርን የጠበቀ መሣሪያ በአገር ሕግ ፊት ቀርቦ ስሙና ቍጥሩ ቢጻፍ ክብሩ አይቀንስም፤ በስውር የሚኖር መሣሪያ ግን፥ ዛሬ ባለቤቱ ደግ ቢሆን እንኳ፥ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ፥ የማንንስ ልጅ እንደሚገድል አይታወቅም። የጠፋበት ሰው በዚያው ሳምንት ይናገር፤ የወረሰ ሰው ከመታጠቁ በፊት ያስታውቅ፤ የሸጠ ሰው ከገዢው ጋር አብሮ ወደ መዝገብ ቤት ይሂድ።

ሹሙ ቃሉን ቢጠብቅ፥ ካህኑ ቢያስታርቅና ቢመክር፥ ባለ መሣሪያውም ሳይፈራ ቢናገር፥ መዝገቡ የሕዝቡ የጋራ አጥር ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ግን፥ ዐዋጁ በወረቀት ላይ ይኖራል፤ ጠመንጃውም በጨለማ መንገዱን ይሄዳል።